ሃይድሮሊክስ ሁለት እና እኒያ ፕሮፌሰር

ሃይድሮሊክስ ሁለትን የወሰደ ተማሪ ስለ ኮርሱ ሲጠየቅ የሚመልሰው ስለ መምህሩ ነው። እኔም ከዚህ የተለየሁ አይደለሁም። ጎጃም ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የውኃ ሀብት ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ሲኒየሮቻችን አሮጌ ወርክሺቶቻቸውን ሲያስረክቡን ስለ ትምህርቱ ይዘት አንዳች ነገር አልነገሩንም፤ የነገሩን ፕሮፌሰሩ በር የሚዘጉበትን ሰዓት፣ የሚጠሏቸውን የመልስ ዓይነቶችና ባለፈው ዓመት ኤፍ ያገኘውን ሰው ብዛት ብቻ ነበር። ይህ ብዛት ከተናጋሪ ወደ ተናጋሪ እያደገ ይሄድ ስለነበር የማናቸውንም አላመንኩም። ፕሮፌሰሩ ዛሬም በማስተማር ላይ ስለሆኑ ስማቸውንም ሆነ የተቋሙን ስም አልጠራም።

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት የእኛን ባች በደንብ ይገልጸው ነበር። አብዛኞቻችን ያደግነው በመርዓዊ፣ በዳንግላ፣ በቡሬ፣ በሞጣና በቢቸና አካባቢ ነው። ከግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ውኃ ጣና ገብቶ፣ ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ወደ ምዕራብ እስኪወርድ ድረስ አንዱን ገባር ያልተሻገረ፣ አንዱን መስኖ ያልጠለፈ ቤተሰብ በመካከላችን አልነበረም ለማለት ይቻላል። ሆኖም ከሁሉ አብልጠን የፈራነው ኮርስ ስለሚፈስ ውኃ የሚያስተምረውን ነበር።

ኮርሱ በራሱ ቀላል አይደለም። ሃይድሮሊክስ አንድ ስለ ፈሳሾች ጠባይና በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ስለሚሄድ ውኃ ያስተምራል፤ ሁለተኛው የሚያተኩረው ገጹ ለአየር ክፍት ሆኖ በወንዝ፣ በቦይና በድልድይ ሥር በሚሄደው ላይ ነው። ልዩነቱ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። በሞላ ቧንቧ ውስጥ ውኃው የሚያልፍበት ስፋት አስቀድሞ ይታወቃል፤ በቦይ ውስጥ ግን ጥልቀቱ ራሱ ተፈላጊ ነው፤ ጥልቀቱ ሲለወጥ ደግሞ ስፋቱም፣ ውኃው ከመሬት ጋር የሚነካካበት ዙሪያም፣ ፍጥነቱም አብረው ይለወጣሉ። አየርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ በ1889 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ቀመር ፍጥነትን ከቦዩ ቁልቁለት፣ ከሸካራነቱና ከቅርጹ ጋር ያያይዛል። ችግሩ፣ የፍሰቱ መጠን ተሰጥቶ ጥልቀቱ ሲፈለግ፣ ጎኖቹ ያዘነበሉ ቦይ ከሆነ ቀመሩን አገላብጦ መልሱን በአንድ ጊዜ ማውጣት አለመቻሉ ነው። አንድ ጥልቀት ይገመታል፣ ይሰላል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ይሰላል። ፈተና ላይ ሰዓቱን የሚበላው ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ግምት በራቀ ቁጥር ወረቀቱ ላይ የሚሰለፈው ስሌትም በዚያው ልክ ይረዝማል።

ከዚያ በኋላ ፍሩድ ቁጥር ይመጣል። በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በዊልያም ፍሩድ ስም የሚጠራውና የውኃውን ፍጥነት ከጥልቀቱ አንጻር የሚመዝነው ይህ ቁጥር ከአንድ ሲያንስ ውኃው ረጋ ብሎ ይሄዳል፤ ከአንድ ሲበልጥ ይከንፋል፤ የሚከንፈው ውኃ ወደ ረጋው በሚሸጋገርበት ቦታ ላይ ደግሞ በድንገት ከፍ ብሎ እየተናጠ ጉልበቱን ያጠፋል። ከግድብ ማፍሰሻ ሥር የሚታየው ነጭ አረፋ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የሴሚስተሩ የመጨረሻ ክፍል የውኃ ገጽ ቀስ በቀስ ከፍና ዝቅ ስለሚልበት ሁኔታ ያስተምራል፤ ለምሳሌ ባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ ላይ በሩ ቢዘጋ ከበላይ በኩል ያለው የውኃ ገጽ እስከ የት ድረስ፣ ምን ዓይነት ቅርጽ ይዞ ከፍ ይላል የሚለውን ለማስላት ገጽ የሚሞላ ሠንጠረዥ በእጅ መሥራት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፤ የሚያስቸግር ግን አይመስለኝም።

የሚያስቸግረው የፕሮፌሰሩ ጥያቄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስለ ኮርሱ ዝርዝርም ሆነ ስለ ማርክ አከፋፈል ሳይናገሩ «ካልኩሌተራችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ» አሉ። ስላይድ አይጠቀሙም፤ ሁልጊዜ ጠመኔና ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ «ጣና በለስ» ብለው ጻፉና፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ ከጣና በዋሻ የሚወስደውን ውኃ ከ300 ሜትር በላይ አውርዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው ከነገሩን በኋላ «በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በሰከንድ ስንት ሜትር ኪዩብ ውኃ ይጠቀማል?» ሲሉ ጠየቁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎበዝ ተማሪ 20 አለ፤ ከኋላ አንዱ 5,000 ብሎ ሳቅ አስነሳ።

ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። አንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ነው፤ የመሬትን ስበት 10 ብለን ብናጠጋጋው፣ 300 ሜትር ሲወርድ ሦስት ሚሊዮን ጁል ይሰጣል፤ ይህ በየሰከንዱ ሲሆን 3 ሜጋ ዋት ነው። 460ን ለ3 ብናካፍል ከ150 ትንሽ ይበልጣል፤ በዋሻው ውስጥና በተርባይኑ ላይ የሚባክነው ሲታሰብ ደግሞ 160 ወይም 170 ገደማ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሠሩት ሰሌዳው ላይ አራት አጫጭር መስመሮች ጽፈው ነው። ከዚያም ጠመኔውን አስቀምጠው «ከአሁን በኋላ ካልኩሌተሩ 1,600 ቢላችሁ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ማወቅ ይጠበቅባችኋል» አሉን። ሴሚስተሩን ሙሉ የጠየቁን ይህንኑ ነበር፤ ከቁጥሩ በፊት የቁጥሩን ልክ ማወቅ። ይሁንና እስከ ሚድ ፈተና ድረስ ይህ ከልባቸው መሆኑን የተረዳ ሰው አልነበረም።

የሚዱ ሁለተኛ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፤ በአፈር የተቆፈረ የመስኖ ቦይ የታች ስፋቱ 3 ሜትር፣ የጎኖቹ ዝንባሌ 1 ለ 1.5፣ የማኒንግ ሸካራነቱ 0.025፣ ቁልቁለቱ በየኪሎ ሜትሩ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሰከንድ 6 ሜትር ኪዩብ ሲያስተላልፍ የውኃው ጥልቀትና ፍጥነት ስንት ይሆናል? በትክክል ለሠራው መልሱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ጥልቀትና በሰከንድ ከ80 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚያንስ ፍጥነት ነው። አንድ የክፍላችን ልጅ ቁልቁለቱን 0.0004 በማለት ፈንታ 0.4 አድርጎ አስገባው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራው እንከን የለበትም፤ ቀመሩ ትክክል፣ ድግግሞሹ ትክክል፣ ጽሑፉ የሚያምር። መጨረሻ ላይ 22 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና በሰከንድ 8.3 ሜትር ፍጥነት አገኘ፤ ሁለት ጊዜ አሰመረበትና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ከ15 ማርክ ያገኘው ዜሮ ነበር።

ሌላ መምህር ቢሆን 11 ወይም 12 ይሰጠው ነበር፤ ስቴፕ ይታያልና። ልጁም ይህንኑ ይዞ ቢሯቸው ሄደ፤ እኔና ሌሎች ጥቂት ተማሪዎችም የየራሳችንን ቅሬታ ይዘን ተከትለነው ነበር።

«ዶክተር፣ የተሳሳትኩት አሃዱን ብቻ ነው፤ አሠራሩ በሙሉ ትክክል ነው» አላቸው። ማዕረጋቸው ካደገ በኋላም «ዶክተር» ማለቱ አልቀረልንም ነበር።

«አገርህ የት ነው?»

«መርዓዊ አካባቢ።»

«ቆጋ መስኖ አጠገብ?»

«አዎ፤ ቦዩ ከቤታችን ብዙ አይርቅም።»

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ወደ እሱ አዞሩት። «እንግዲህ አንተ ቦይ ዳር ያደግህ ልጅ ነህ። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሄድ ውኃ ሮጠህ የማትደርስበት ውኃ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ አፈር ቦይ ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያድር ጠዋት የምታገኘው ገደል ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ የምታውቀው አንተ ነህ። ታዲያ ምን ብለህ ሁለት ጊዜ አሰመርህበት?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። ቆጋ በእቅዱ 7,000 ሄክታር ለማጠጣት የተሠራ ፕሮጀክት ነው፤ የዚህን ልጅ ቤተሰብ ማሳ የሚያጠጣው ውኃም በቦዩ ውስጥ በሰው እርምጃ ልክ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በዝግታ፣ ሲሄድ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶታል። ወረቀቱ ላይ ግን ያ ውኃ አልታየውም፤ ለእሱ የቤቱ ውኃና የኮርሱ ውኃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። በዚህ ረገድ ከእኛ የሚለየው ስህተቱ በመታየቱ ብቻ ይመስለኛል፤ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማርነው ፊዚክስ በሙሉ ስለ ሌላ ዓለም የሚያወራ ይመስል ነበር።

ዜሮው አልተነሳም። ነገር ግን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ፕሮፌሰሩ አንድ ደንብ አወጡ። ማንም ተማሪ ያገኘው መልስ ሊሆን የማይችል መሆኑን ካወቀ፣ ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት ባይችልም፣ ለምን ሊሆን እንደማይችል በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ካስረዳ ከግማሽ በላይ ማርክ ያገኛል። በዚህ ደንብ ብዙ ተማሪ ዳነ። ከዚያም በላይ የአጠናን ልማዳችን ተለወጠ፤ ላይብረሪ ውስጥ አንዱ መልሱን ሲናገር ሌላው «ይህ ውኃ የት አገር ነው የሚፈሰው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። መጀመሪያ ለፌዝ ነበር፤ እየዋለ እያደረ የምር ሆነ።

የፕሮፌሰሩን ነገር ከሁላችንም ቀድሞ የተረዳው የዶርም ጓደኛዬ ነበር። እሱ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የገባው ዘግይቶ፣ በምሥራቅ ጎጃም ቅኔ ቤት ዓመታት ካሳለፈ በኋላ ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ የቆጠረውን የራሱን ቅኔ የኔታ ፊት ያቀርባል፤ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና የሚጀምር ጀማሪ እንኳ የሰው ቅኔ ይዞ ቢቀርብ አያልፍም። ጓደኛዬ እንደሚለው ግን ከዚህ የሚብሰው ግሱ ተስተካክሎ፣ ቤቱ ገጥሞ፣ ምሥጢር የሌለው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነው። የኔታ እንዲህ ያለውን ሲሰሙ የትኛው ቃል እንደተሳሳተ አይናገሩም፤ «ምን ማለትህ ነው?» ብለው ብቻ ይመልሱታል። «እኒህ ሰውዬም ያንኑ ነው የሚያደርጉት» ይለን ነበር። የክፍሉ ተማሪ አጤሬራ ለማዘጋጀት ሲታገል እሱ በሰላም የሚተኛው ለዚህ ነበር፤ ፈተናው በአጤሬራ የሚሸነፍ አለመሆኑን ገና ከመጀመሪያው ሳምንት አውቆታል። ቀመሮቹን ሁሉ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ከጥያቄው ወረቀት ጋር ያድሉ ነበርና የሚደበቅ ነገርም አልነበረም።

የኮርሱ ምርጥ ክፍል ግን መስክ የወጣንበት ቅዳሜ ነው። ትምህርት ክፍሉ የነበረው የፍሰት መለኪያ መሣሪያ ተበላሽቶ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ ማስጠገኛ በጀት እስኪመጣ መጠበቅ ደግሞ ፕሮፌሰሩ የሚችሉት ነገር አልነበረም። ስለዚህ በየቡድናችን ከጉልት ሎሚ እንድንገዛ አዘዙን። ሎሚ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሆኖም አብዛኛው አካሉ ጠልቆ ስለሚሄድ ነፋስ እንደ ቅጠል ወይም እንደ ቡሽ አይገፋውም። ቀጥ ያለ የወንዝ ክፍል መርጠን 20 ሜትር ለካን፤ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ ላይ ሲባጎ ከዳር እስከ ዳር ወጠርን። አንዱ ከላይኛው ሲባጎ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሎሚውን ይለቃል፤ አንዱ በስልኩ ሰዓት ይይዛል፤ አንዱ ሱሪውን ጠቅልሎ ከታች ሆኖ ሎሚውን ይቀልባል። አንዳንዱ ሎሚ መሀል መሀሉን ይዞ በፍጥነት ይደርሳል፤ አንዳንዱ ወደ ዳር ተገፍቶ እየተሽከረከረ ይዘገያል፤ ሣር ውስጥ ገብቶ የቀረም ነበር። ሣር ውስጥ የቀረውን ከስሌቱ ማውጣት ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ላይ የተነሳው ክርክር ክፍል ውስጥ ካደረግናቸው ክርክሮች ሁሉ የበለጠ ትምህርት ሰጥቶኛል።

በሎሚ የሚገኘው የላይኛው ገጽ ፍጥነት ስለሆነ አማካዩን ለማግኘት በ0.85 ይባዛል፤ ወለሉና ዳሩ ውኃውን ስለሚይዙት አማካዩ ከገጹ ያንሳል። ከዚያ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ጥልቀቱን መለኪያ በተሰመረበት እንጨት ለክተን ውኃው የሚያልፍበትን ስፋት አወጣን፤ ፍሰቱንም አገኘን። ፕሮፌሰሩ በዚህ አልተውንም፤ የወንዙን ቁልቁለት ሌቭል በተባለው የከፍታ መለኪያ ለክተን፣ ማኒንግን ወደ ኋላ ሄደን የወንዙን ሸካራነት እንድናሰላ አዘዙ። የእኛ ቡድን ያገኘው 0.09 ነበር። መጽሐፉ ለንጹሕና ቀጥ ያለ ወንዝ የሚሰጠው 0.03 አካባቢ ስለሆነ ከመካከላችን አንዱ ጥልቀቱን ትንሽ ነካክቶ ቁጥሩን ወደዚያ ለማቅረብ ሐሳብ አቀረበ።

ይህን በምንነጋገርበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ከዳር ቆመው ይመለከቱን ነበር። «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን። ውኃው እንዴት እንደሚሄድ እየለካን መሆኑን ስንነግራቸው ወደ ወንዙ ዳር እያመለከቱ «ይህ ሁሉ ሣርና ቄጠማ እያለ ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ነው? በጋ ስናጭደው እኮ ሌላ ውኃ ነው የሚሆነው» አሉ። ፕሮፌሰሩ ከኋላችን መጥተው ሰምተዋቸው ኖሮ ሲስቁ አየናቸው፤ በሴሚስተሩ ውስጥ ሲስቁ ያየኋቸውም ያኔ ብቻ ነው። 0.09ን እንዳለ ተውነው፤ ሪፖርቱ ላይም ምክንያቱ ሣሩ መሆኑን ጻፍን። ሣርና ቄጠማ የበዛበት ወንዝ ሸካራነቱ እስከዚያ እንደሚደርስ መጽሐፉም ከታችኛው ረድፍ ላይ ያሳያል፤ ያንን ረድፍ ግን እስከዚያ ቀን ያነበበው አልነበረም። ቁጥራቸው ከ0.03 ጋር የገጠመላቸው ሁለት ቡድኖች የመስክ ማስታወሻቸውን በእርሳስ የተጻፈውን እንዲያመጡ ተጠየቁ።

ስለ እኒህ ሰው ይህን ያህል ደግ ከተናገርኩ የቀረውንም ልናገር ይገባል፤ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ስንገናኝ ትዝታ ያጣፍጠውና ሁሉን ነገር ወደ ውዳሴ እንለውጠዋለን።

ፈተና ወረቀት ሲመልሱ ከዝቅተኛው ማርክ ጀምረው ስም እየጠሩ ነበር። ከ30 አራት ያገኘ ልጅ ስልሳ ሰው እያየው ወደ ፊት ወጥቶ ወረቀቱን ይቀበላል። አንዳንዴ ተጨማሪ ቃል ይከተላል፤ «ግብርና ሚኒስቴር አይቅጠርህ» የሚል ዓይነት። ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት ልጅ በሚዱ ዝቅተኛ ማርክ አገኘችና በዚህ መልኩ ከተጠራች በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት ኮርሱን ድሮፕ አደረገች፤ በዓመቱም ወደ ሌላ ትምህርት ክፍል ተዛወረች። ይህች ልጅ ያለ ካልኩሌተር በሚደረገው የግምት ጥያቄ ላይ ከክፍሉ ሁሉ ለትክክለኛው የምትቀርብ ነበረች። ማለትም ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ከሁሉ በላይ እንፈልገዋለን የሚሉት ችሎታ ነበራት። ስሟን ከታች ጀምሮ መጥራት ለማንም አንዳች የሃይድሮሊክስ እውቀት አልጨመረም።

ቋንቋውም ሌላ ጣጣ ነበር። የፈተና ጥያቄዎቻቸው ቀመር ብቻ ሳይሆኑ ታሪክ ነበሩ፤ አንድ ገበሬ፣ አንድ ቦይ፣ አንድ ድልድይ፣ የጎርፍ ወቅት፣ ሁሉም በረጅም የእንግሊዝኛ አንቀጽ። ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ ውኃውን ሳይሆን አንቀጹን ሲፈታ ሰዓቱ ያልቃል። ክፍል ውስጥ በአማርኛ መጠየቅ አይፈቀድም ነበር። ያው ሰው ግን ወንዝ ዳር ሲቆሙ ሁሉን ነገር በአማርኛ፣ ያውም በጥሩ የጎጃም አማርኛ ያስረዱን ነበር፤ ያን ቀን ያልገባው ሰው አልነበረም። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ የእሳቸው ውሳኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለአንድ ጥያቄ በአማርኛ ሁለት ደቂቃ ማብራሪያ መስጠት ግን በእጃቸው ነበር።

ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ በመሆኑና ለሃይድሮሊክ ስትራክቸር ቅድመ ሁኔታ ስለሆነ፣ ኤፍ ያገኘ ተማሪ አንድ ኮርስ ብቻ ሳይሆን አንድ ዓመት ነው የሚያጣው። ይህም ለልጁ ብቻ አይደለም፤ በየወሩ ከእህል ሽያጭ ላይ ቀንሶ ገንዘብ ለሚልክ ቤተሰብም ነው። «እሳቸው ባይጨክኑ ኖሮ መሐንዲስ አንሆንም ነበር» የሚል መከራከሪያ ከባቼ ልጆች ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ይህ ውኃ የማያነሳ ክርክር ነው። መሐንዲስ ያደረገን የማይሆን መልስ አለመቀበላቸው ነው፤ ያ ደንብ፣ ያ ሎሚ፣ ያ የጣና በለስ ጥያቄ ነው። ከእነዚህ አንዱም ማንንም ማዋረድ አይጠይቅም። ጥብቅነታቸውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ስም አጠራራቸውን ዛሬም አልደግፍም፤ ሁለቱን እንደ አንድ ጥቅል አድርጎ መውሰድ ደግሞ አሁን ራሳቸው ሌክቸረር በሆኑ አንዳንድ የባቼ ልጆች ላይ እያየሁት ስለሆነ ያሳስበኛል። ስድቡን ወርሰው ሎሚውን የተዉ አሉ።

በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት መስኮች ከተጀመረ ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ለመመረቅ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ስለሆነና ጥያቄዎቹ ምርጫ ስለሆኑ፣ አሁን ኮርሱን የሚወስዱ ታናናሾቻችን ከፕሮፌሰሩ የሚጠብቁት መለማመጃ የምርጫ ጥያቄዎችን ነው። እሳቸው እንደሰማሁት አሁንም በአንድ ሚድ ከሦስት የማይበልጡ ረጃጅም ጥያቄዎች ይሰጣሉ። ተማሪዎቹ ቢያማርሩ አልፈርድባቸውም። ሆኖም ከአራት ምርጫ ሦስቱን በልክ ብቻ መጣል የሚችል ሰው ጊዜ ያተርፋል፤ የአፈር ቦይ ፍጥነት 8 ሜትር በሰከንድ የሚል ምርጫ ሲያይ ሳያሰላ ያልፈዋል።

እኔ ከተመረቅሁ በኋላ የገባሁት በአነስተኛ መስኖ ጥናትና ዲዛይን ሥራ ላይ ነው። ዛሬ ማንም በእጅ አይደጋግምም፤ ሄክ-ራስ የተባለው ፕሮግራም የወንዙን መስቀለኛ ቅርጽና ፍሰቱን ከሰጡት የውኃውን ገጽ እስከ ሦስት የነጥብ ቤት ድረስ ያወጣል። ፕሮግራሙ ግን ቁልቁለቱ 0.4 ይሁን 0.0004 አይጨነቅም፤ የገባለትን ያሰላል። ለግምገማ ከሚደርሱኝ ሰነዶች መካከል አንዱ የቦዩን ሸካራነት ለኮንክሪት በሚሰጠው ቁጥር አስልቶ፣ በዚያው ሰነድ የግንባታ ክፍል ላይ ቦዩ በአፈር ይቆፈራል ይላል። ሁለቱ ገጾች የተጻፉት በሁለት ሰዎች ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱም ግን ፈርመውበታል። በኮንክሪት ቁጥር የተሰላ ቦይ በአፈር ሲቆፈር ውኃው ከታሰበው በላይ ይዘገያል፤ የታቀደውን ያህል ለማሳለፍም ጥልቀቱ ስለሚጨምር ከዳር ሊፈስ ይችላል። ጉዳቱ የሚደርሰው ደግሞ በቦዩ መጨረሻ ላይ መሬት ባለው ገበሬ ላይ ነው፤ ውኃው እሱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰነዱን የመለስኩት በሁለት ዓረፍተ ነገር አስተያየት ነው፤ ሊሆን የማይችልበትን ምክንያት ጽፌ፣ ስህተቱን እነሱ እንዲፈልጉት ትቼ።

ሰሞኑን ኮርሱን የጀመሩ ልጆች የድሮ ፈተና እንድልክላቸው ጠይቀውኛል። ያሉኝን እልካለሁ፤ ነገር ግን ፕሮፌሰሩ ጥያቄ ስለማይደግሙ ከዚያ ብዙ አትጠብቁ። ከወርክሺቶቹ ውስጥ የሚጠቅማችሁ ሦስተኛው ነው፤ የውኃ ገጽን በዳይሬክት ስቴፕ ዘዴ ሠንጠረዥ ሞልታችሁ የምትሠሩት። እሱን በኤክሴል ሳይሆን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሥሩት፤ ስሌቱን የት ቦታ ላይ እንደሚጀምሩና ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚሄዱ የሚገባው ያኔ ነውና። ማኒንግን ወደ ጥልቀት ስትፈቱ የመጀመሪያ ግምታችሁን በዘፈቀደ አትውሰዱ፤ ለአፈር ቦይ ፍጥነቱን በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ብላችሁ ገምቱ፣ ፍሰቱን በዚያ አካፍሉና ውኃው የሚያልፍበትን ስፋት፣ ከስፋቱም ጥልቀቱን አውጡ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ድግግሞሽ ይበቃችኋል። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ፍሩድ ቁጥሩን ሳታሰሉ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አትለፉ። በሩ የሚዘጋው አሁንም ልክ በሰዓቱ ነው ይባላል።